የባላው ምስክርነት፤ በእንጨት የከርሰ ምድር ውኃ ስለ መፈለግ



እስቲ ይህን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። አንድ ቁምስና ጉድጓድ ለማስቆፈር ቆርጧል። ምእመናኑ ከእህሉም ከከብቱም ሽያጭ ቀንሰው አዋጥተዋል፤ ኮሚቴም መርጠዋል። የቁፋሮው መኪና ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ሰው ይጠራል። ሰውየው ለጋ ባላ እንጨት በሁለት እጁ ይዞ፥ ጫፉን ወደ ፊት ቀስሮ፥ በግቢው ውስጥ ቀስ እያለ ይመላለሳል። ከአንድ ስፍራ ሲደርስ እንጨቱ በድንገት ወደ መሬት ያዘነብላል። ሰውየውም «ውኃው እዚህ ነው» ይላል። ከቆሙት መካከል አንዱ ጥንቆላ ነው ብሎ ያማትባል፤ ሁለተኛው በውጭ አገርም የሚሠራበት ጥበብ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሙሴም በበትሩ ውኃ አፍልቋል በማለት ኦሪትን ይጠቅሳል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ በሦስቱ መካከል ቆሞ የሚመልሰው ይቸግረዋል።

እኛ ከሦስቱም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ተራ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም፥ ለመሆኑ እንጨቱ ውኃ ያገኛል ወይ? የሚለው ነው። ነገሩ እውነት ካልሆነ ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከሰይጣን ብሎ መከራከር በሌለ ላም ወተት መጣላት ይሆናል። እውነት ከሆነም እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ኃይል ሊለካና ሊፈተን ይገባዋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።)

ልማዱ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ጌዎርጊዮስ አግሪኮላ ስለ ማዕድን ሥራ በጻፈውና እርሱ ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1556 በታተመው ትልቅ መጽሐፉ፥ በጊዜው የነበሩ ማዕድን ቆፋሪዎች በባላ እንጨት ብርና መዳብ ይፈልጉ እንደ ነበር ይተርካል። ለብር አንድ ዓይነት ዛፍ፥ ለመዳብ ሌላ ይመረጥ ነበር። አግሪኮላ የሁለቱንም ወገን ክርክር በትዕግሥት ካቀረበ በኋላ የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ ቁም ነገረኛ ቆፋሪ የምድሪቱን ምልክት ማንበብ ስለሚችል እንጨቱ አያስፈልገውም ይላል። ይህ ከተጻፈ ከአራት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ክርክሩ ግን ከዚያው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል።

የልማዱን አደገኛነት ገሃድ ያወጣው በፈረንሳይ አገር የተፈጸመ አንድ ነገር ነው። በ1692 በሊዮን ከተማ አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴና ሚስቱ በምድር ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ። ዳኞቹ ፍንጭ ባጡ ጊዜ ዣክ ኤማር የሚባል፥ በበትር ውኃ በማግኘት የታወቀ ገበሬ ተጠራ። ኤማር በትሩን ይዞ የገዳዮቹን ዱካ ተከተልኩ እያለ ብዙ መንገድ ከተጓዘ በኋላ በአንድ ወኅኒ ቤት ውስጥ ባገኘው ጀርባው የጎበጠ ወጣት ላይ አመለከተ። ወጣቱ ተናዘዘ፤ በአሠቃቂም ሁኔታ በሞት ተቀጣ። ወሬው ፓሪስ ሲደርስ ኤማር በማግስቱ ዓመት በዚያ ተፈተነ። ወርቅና ብር በጉድጓድ ተቀብሮ ፈልግ ቢባል አልሆነለትም። ጀርባው የጎበጠው ወጣት ጥፋተኛ ነበረ ወይስ አልነበረም፥ አሁን ልንፈርድ አንችልም። እኛን የሚያሳስበን የጊዜው ቅደም ተከተል ነው፤ ሰው አስቀድሞ ሞተ፥ በትሩ ግን የተፈተነው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስናወራ ጣታችንን ወደ ሌላ ወገን ብቻ ልንቀስር አይገባንም፤ በበትሩ ታሪክ ውስጥ ካህናት በሁለቱም በኩል ቆመው እናገኛቸዋለንና። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳዊው አባ አታናሲዩስ ኪርኸር በትሩን ከሰው እጅ አውጥተው በሹል ነገር ላይ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቀመጥ አደረጉትና አለመንቀሳቀሱን ተመለከቱ። የኦራቶሪው ካህን አባ ፒዬር ለብረን በኤማር ዘመን ልማዱን በመቃወም ጻፉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ፈረንሳዊው አባ ቡሊ ለዚሁ ልማድ «ራዲዬስቴዚ» የሚል፥ የሳይንስ ልብስ የለበሰ ስም አወጡለት። በስዊትዘርላንድ ያገለግሉ የነበሩት አባ አሌክሲ ሜርሜ ደግሞ ቱንቢ የሚመስል፥ በክር የተንጠለጠለ ነገር በካርታ ላይ እያንዣበቡ፥ ሩቅ አገር ያለ ውኃ ብቻ ሳይሆን የጠፉ ሰዎችንም ይፈልጉ ነበር፤ በ1935ም ስለ አሠራራቸው መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለቱም መልካም ስም የነበራቸው፥ ድካማቸውን ለሰው ጥቅም ያዋሉ ሰዎች ናቸው። አታላዮች ነበሩ ለማለት ምንም ምክንያት የለንም፤ የጥያቄአችንም ክብደት ያለው በዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ከውኃ ወደ ሰው ኑሮ እየተሻገረ ሲመጣ፥ በዚያን ጊዜ ቅዱስ ጽሕፈት ቤት ይባል የነበረው የቅድስት መንበር አካል በመጋቢት 1942 ውሳኔ ሰጠ። ካህናትና ገዳማውያን በዚህ ዘዴ ስለ ሰዎች ሁኔታና ስለሚደርስባቸው ነገር ከመመርመር እንዲታቀቡ አዘዘ። በዚያው ውሳኔ ላይ ግን የሳይንሱን ጥያቄ ለመንካት አለመፈለጉን ገለጠ። እንግዲህ በባላ ውኃ የሚፈልገውን ገበሬ «ቤተ ክርስቲያን አውግዛሃለች» የሚል መምህር ካለ ከውሳኔው አልፎ ሄዷል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሟርትንና የተሰወረን ነገር በምትሐት መጠየቅን አጥብቆ ይከለክላል፤ ስለ ጉድጓድ ውኃ ግን አንድም ቃል የለውም። «ባላው ሠራ አልሠራ» የሚለው የተተወው ለምርመራ ነው። እኛም ወደ ምርመራው እንለፍ።

አንድ ሰው ባላውን ሲይዝ አስተውሉ። መዳፎቹ ወደ ላይ ተገልብጠዋል፤ ሁለቱን ቅርንጫፎች ወደ ጎንና ወደ ጎን ስቦ ወጥሯቸዋል። እንጨቱ እንደ ተወጠረ ደጋን ነው፤ የእጅ አንጓ ለዓይን በማይታይ መጠን ቢዞር ጫፉ በኃይል ይገለበጣል። ይህን በገዛ እጁ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንጨቱ ከፈቃድ ውጭ የሚጎተት ይመስላል፥ አንዳንዴም ልጡ በመዳፍ ውስጥ እስኪላጥ ድረስ ይታገላል። ሰውየው «እኔ አላንቀሳቀስሁትም» ሲል የሚናገረው የተሰማውን ነው።

ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል (አንድ መቶ ሁለት ዓመት የኖሩ፥ እስከ እርጅናቸውም ያልቦዘኑ ሰው ናቸው) በ1833 ባሳተሙት ደብዳቤ የገለጡት ሙከራ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። በክር የታሰረ ክብደት በባዜቃ ላይ ሲይዙ ይወዛወዛል። በመካከሉ መስተዋት ሲደረግ ውዝዋዜው ይቆማል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ኃይል አገኘሁ ብሎ ይደሰት ነበር። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን አስሸፈኑና መስተዋቱን ሌላ ሰው ሳይነግራቸው እንዲያስገባና እንዲያወጣ አደረጉ። በዚያን ጊዜ መስተዋቱ መግባቱም መውጣቱም ምንም ለውጥ አላመጣም። ክሩን ያንቀሳቅስ የነበረው የራሳቸው እጅ፥ እጃቸውን ያንቀሳቅስ የነበረውም እንዲህ ይሆናል ብለው መጠበቃቸው ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፐንተር በ1852 ለዚህ ነገር የሳይንስ ስም ሰጠው፤ ሐሳብ ያለ ፈቃድ ጡንቻን ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። በሼቭሮል ያደነቅነው ግን በገዛ እጃቸው መጠርጠራቸውን ነው።

በእኛ ዘመን ከተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ ሰፊው በ1987 እና በ1988 በሙኒክ አጠገብ በአንድ ጎተራ ውስጥ የተካሄደው ነው። ወጪውን የሸፈነው የጀርመን መንግሥት ነበር። በምድር ቤቱ ውኃ የሚፈስበት ቧንቧ በጋሪ ላይ ሆኖ በዕጣ ወዲያና ወዲህ ይዛወራል፤ ከላይ ባለው ፎቅ ደግሞ ባለ ባላው በ10 ሜትር መስመር ላይ እየሄደ ከበታቹ ቧንቧው የቱ ጋ እንዳለ ያመለክታል። ወደ 500 ከሚጠጉ ሰዎች 43ቱ የተሻሉ ናቸው ተብለው ተመረጡ፤ 843 ሙከራም ተደረገ። መርማሪዎቹ አብዛኞቹ ምንም ችሎታ እንዳላሳዩ አምነው፥ ጥቂቶቹ ግን በእርግጥ ይችላሉ ብለው ደመደሙ። ጂም ኤንራይት የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1999 ያንኑ የቁጥር መዝገብ እንደገና መርምረው፥ ከሁሉ የተሻለ የተባለው ሰው ዝም ብሎ የመስመሩን መካከል ከሚያመለክት ሰው ይልቅ የቀረበው በአማካይ በ4 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን አሳዩ። አሥር ሜትር በሆነ መስመር ላይ አራት ሚሊ ሜትር! በ1990 በካሰል ከተማ በተደረገው ሌላ ፈተና ደግሞ 30 ያህል ባለ ባላዎች በግማሽ ሜትር ጥልቀት በተቀበረ ቧንቧ ውስጥ ውኃ ይፈስሳል ወይስ ቆሟል ብለው እንዲናገሩ ተጠየቁ። አስቀድመው ፈተናው ትክክለኛ ነው፥ እንችላለንም ብለው ነበር፤ ውጤቱ ግን ሳንቲም ከመወርወር አልተሻለም።

«ታዲያ የእኛ ሰው ባመለከተበት ውኃ ወጣ እኮ!» የሚሉን ይኖራሉ፤ እናምናቸዋለን። ብዙ ሰው ከምድር በታች ያለውን ውኃ እንደ ደም ሥር በቀጭን መስመር የሚሄድ፥ ሰው አንድ ክንድ ቢስት የሚያጣው አድርጎ ይገምታል። እንዲህ ያለው በኖራ ድንጋይ ዋሻዎችና በአንዳንድ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ ይገኛል። በአብዛኛው ግን ውኃው በአሸዋና በጠጠር መካከል፥ በተሰነጣጠቀ ድንጋይም ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዞ ይተኛል። እንዲህ ባለ ሸለቆ ውስጥ ባላው የትም ቢያዘነብል፥ በጥልቀት የቆፈረ ውኃ ያገኛል። ከዚህም ሌላ ዕድሜ የጠገበ ገበሬ ባላውን ይዞ ሲራመድ ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ሾላው የበቀለበትን፥ ቄጤማው በበጋ ያልደረቀበትን፥ ሁለት ገደል የሚገናኝበትን ያያል። ምድሩን ያነበበው ዓይኑ ነው፤ ምስጋናው ግን ለእንጨቱ ይሆናል። ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ ባስቆፈረ ጊዜ አስቀድሞ ያደረገው አባቱ ያስቆፈራቸውንና ጠላቶች የደፈኗቸውን ጉድጓዶች መልሶ መክፈት እንደ ነበር ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ዛሬም የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚጠይቀው በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች ጥልቀታቸው ስንት እንደሆነ ነው።

በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ሥራ በስሪ ላንካ በባላ ተመልክተው የተቆፈሩ 691 ጉድጓዶች ከመቶ 96ቱ ውኃ ሰጡ የሚል ዘገባ በ1995 ወጥቶ ብዙዎችን አስደንቋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ቸል አንለውም። ይሁን እንጂ በዚያው ምድር ያለ ባላ፥ በዕጣ ብቻ በተመረጡ ቦታዎች ጉድጓድ ተቆፍሮ አልተነጻጸረም። ያለ ባላ ቢቆፈር ስንቱ ይሳካ ነበር? የሚለው ጥያቄ በግምት እንጂ በቁፋሮ አልተመለሰም። ለባለሙያዎቹም ሚዛኑ አንድ ነው፤ እነርሱም ደረቅ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። ልዩነቱ ደረቁንም መዝግበው ማስቀመጣቸው ነው። ባላው ያሳታቸውን ጉድጓዶች የሚመዘግብ ግን የለም፤ ደረቁ ጉድጓድ ተሞልቶ ይረሳል፥ ውኃ የወጣበት ግን ለልጅ ልጅ ይወራል።

አሁን ወደ ኅሊና ጥያቄ እንመለስ። ሰው ሳይዋሽ ሐሰት ሊናገር ይችላል ወይ? ቅዱስ አጎስጢኖስ በ395 ገደማ ስለ መዋሸት በጻፈው ድርሳን፥ ሐሰት የሆነውን ነገር እውነት መስሎት የሚናገር ሰው ውሸታም እንዳልሆነ ያስተምራል፤ ውሸት ልብና አፍ ሲለያዩ ነውና። ይህን ያነበበ ሁሉ እፎይ ይላል። ነገር ግን ቅዱሱ በዚያው አይቆምም፤ ያላወቀውን ነገር ዐውቄዋለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ከውሸት ነጻ ቢሆንም ከነቀፋ ሁሉ ነጻ አይደለም ይላል። ባለ ባላው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛውን ትእዛዝ አላፈረሰም። ለራሱ ጓሮ፥ በራሱ ዶማ የሚቆፍር ከሆነም የሚያጠፋው ላቡን ብቻ ነው፤ እኛም አንከለክለውም። ነገር ግን መበለቲቱ ባዋጣችው ገንዘብ የሚቆፈር ጉድጓድ ሲሆን፥ «እርግጠኛ ነኝ» የሚለው ቃል ዋጋው ይለወጣል። ቃሉን የሚናገረው አንዱ፥ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላው ነውና።

ቅንነት ምስክር አይሆንም የምንለው በጭካኔ አይደለም፤ ዓለም በቅርቡ መራራ ትምህርት አግኝቷልና ነው። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ፥ በእጀታ ላይ የተተከለች ዘንግ ብቻ ያላትን አንዲት መሣሪያ ቦምብ ታገኛለች እያለ ለኢራቅ መንግሥት በብዙ ሚልዮን ዶላር ሸጠ። በውስጧ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ የእኛው ባላ በፕላስቲክ ተለብጦ ነው። በ2013 በለንደን ፍርድ ቤት በማታለል ተፈርዶበት የ10 ዓመት እስራት ተቀበለ። ነጋዴው አታላይ ነበር፤ ነገሩ በዚህ አበቃ። በባግዳድ ኬላ ላይ መሣሪያዋን ይዞ የቆመው ወታደር ግን አታላይ አልነበረም። ዘንጓ በእጁ ውስጥ ስትዞር ያይ ነበር፤ በገዛ ዓይኑ ያየውን አመነ፤ ቦምብ የጫኑ መኪናዎችም አልፈው ሄዱ።

የውኃ ጉድጓድ ቦምብ አይደለም፤ ሆኖም በአገራችንም ባላው የማይመልሰው ከባድ ጥያቄ አለ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚህ እጅግ ያለፈ ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል፥ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ጣዕሙም አያስጠረጥርም። ውኃ በመገኘቱ እልል ተብሎ የተመረቀ ጉድጓድ የአንድን ትውልድ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚለየው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። በባላው መሠረት ውኃ የወጣለት ሰው ሁሉም ተፈጸመ ብሎ ያስባል፤ እኛ ከደረቁ ጉድጓድ ይልቅ የምንፈራው ይህን ነው።

ሙሴን የጠቀሰው ወንድማችን መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር ጥቂት እንበል። በዘጸአት ምዕራፍ 17 ሙሴ በትሩን ይዞ ውኃ ፍለጋ አልዞረም፤ የትኛውን ዓለት እንደሚመታ የነገረው እግዚአብሔር ነው። በዘኍልቍ ምዕራፍ 20 ደግሞ ለዓለቱ እንዲናገር ታዝዞ ሳለ ሁለት ጊዜ በበትሩ በመታው ጊዜ፥ ውኃው ቢወጣም ወደ ተስፋው ምድር እንዳይገባ ተከለከለ። ውኃ መውጣቱ ብቻ የሠራው ሥራ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ ካልሆነለት ከሙሴ የበለጠ ማን አለን?

አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር «ሽማግሌውን ሳላዋርድ ምን ላድርግ?» ቢለን የምንመክረው ይህ ነው። አባባን በአክብሮት ያስቀምጧቸው፤ ስለ ምድሩ የሚያውቁትን ሁሉ፥ በበጋ የማይደርቀው ምንጭ የቱ እንደሆነ፥ የቀድሞው ጉድጓድ የት እንደ ነበር ይጠይቋቸው፤ ይህ ዕውቀታቸው ለባለሙያው እጅግ ይጠቅመዋል። ኮሚቴውም ከቆፋሪው ጋር በሚፈራረመው ውል ላይ ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆን ማን እንደሚከፍል፥ ውኃውም ከመጠጣቱ በፊት በቤተ ሙከራ እንደሚመረመር ያስጽፍ። አባባ ባላቸውን ካልያዝሁ ካሉም ይያዙ። እንጨቱ ባዘነበለበት ቦታ አንድ ልጅ ትንሽ ችካል ይትከል። ከዚያም በፈቃዳቸው ዓይናቸው በነጠላ ይሸፈን፥ ዞር ዞር ይበሉና ሌላ ሰው እጃቸውን ይዞ በሌላ አቅጣጫ ያስገባቸው፤ ባላው ሁለተኛ ባዘነበለበትም ሌላ ችካል ይተከል። ይህንም አምስት ስድስት ጊዜ ይድገሙት። በመጨረሻ ነጠላው ይነሣና በችካሎቹ መካከል ያለውን ርቀት እርሳቸው ራሳቸው በገመድ ይለኩት። የቁፋሮው መኪና ከመምጣቱ በፊት ይህን ማድረግ ግማሽ ቀን አይፈጅም።